የአድዋን ሥዕል ለማንበብ

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታየን መንገዱ፣ ታክሲውና ገበያተኛው ነው፤ ሰውየው አይታወሱንም። ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በፈረስ ስማቸው አባ መላ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በ1919 ዓ.ም እስኪሞቱ ድረስም ያለ እርሳቸው ምክር በቤተ መንግሥቱ ትልቅ ነገር አይወሰንም ነበር። መልካቸውን ማየት የሚፈልግ ፎቶግራፋቸውን ያገኛል። ሰዓሊዎች ግን ሌላ ዓይነት መልክ ሰጥተዋቸዋል። የሰገሌን ጦርነት በሚያሳየው የአቡጀዲ ሥዕል ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ሠራዊት መሀል አባ መላን የምናገኛቸው ፊታቸውን አይተን ሳይሆን ስማቸውን አንብበን ነው።

ይህን አሣሣል ያልሠለጠነ እጅ ሥራ አድርጎ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። ፊቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ጥላ የለም፤ ሩቅና ቅርብ አይለይም፤ ፈረሱ ምድር ይርገጥ አይርገጥ አይታወቅም። ትዝብቱ ትክክል ነው፤ ፍርዱ ግን አይደለም። እነዚህ ነገሮች የጎደሉት ሰዓሊው ስላልቻለ ሳይሆን ስላልፈለጋቸው ነው። ሥዕሉ የተሠራው በሌላ ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱም ከባድ አይደለም። ለዚህ ማብራሪያ የአድዋን ሥዕል እወስዳለሁ፤ ከጦርነት ሥዕሎቻችን ሁሉ የእርሱን ያህል ተደጋግሞ የተሣለ የለምና። ለማነጻጸሪያ ደግሞ በዚያው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት እየሣለ የኖረ አንድ ፈረንሳዊ እጠራለሁ፤ ኦራስ ቬርኔ ይባላል።

መጀመሪያ የራሳችንን እንይ።

በተለመደው የአድዋ ሥዕል ኢትዮጵያውያን በተመልካቹ ግራ፣ ጣሊያኖች በቀኝ ይሰለፋሉ። በግራ በኩል ከፍ ብለው ዳግማዊ ምኒልክ ዘውድ ደፍተው፣ ጥላ ተይዞላቸው ይታያሉ። እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ናቸው፤ ሽጉጥ የጨበጡባቸውም ሥዕሎች አሉ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ አሉ። ነጋሪት የሚጎስሙ አሉ። መሀል ላይ መድፍ ከመድፍ ጋር ይተኳኮሳል፤ ከመድፎቹ አጠገብ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶን ፈልጉ። ፊታውራሪ ገበየሁ ከፊት ናቸው፤ ወድቀው የሚታዩባቸውም ሥዕሎች አሉ። ራሶቹ፣ ማለትም ራስ መኰንን፣ ራስ ሚካኤል፣ ራስ አሉላ፣ ራስ መንገሻ፣ እንዲሁም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ እንደ ሰዓሊው ምርጫ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል።

ከሁሉ በላይ፣ በሥዕሉ አናት መካከል ላይ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ጦሩን ወደ ጣሊያኖች ይሰብቃል። ዙሪያውን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ብርሃን ከብቦታል። ጦርነቱ የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ነው፤ 23 ደግሞ በየወሩ የጊዮርጊስ ዕለት ነው። ታቦቱም ከዘማቹ ጋር ወጥቶ ነበር። ስለዚህ ለሰዓሊው ሰማዕቱ ጌጥ ሳይሆን ከተዋጊዎቹ አንዱ ነው። የአራዳ ጊዮርጊስ ካቴድራል ከድሉ በኋላ ባለ ስምንት ማዕዘን ሆኖ ሲታነፅ የኖረው ስሜት ይኸው ነው። (ንድፉን የሠራው ሴባስቲያኖ ካስታኛ የሚባል ጣሊያናዊ መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም።)

አሁን ወደ ሥርዓቱ እንግባ። መጀመሪያ ዓይን ይቆጠራል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ሁለት ዓይኑ እንዲታይ ወደ እኛ ዞሮ ይሣላል፤ ርኩስ መንፈስ፣ ከሓዲና ጠላት ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። የአድዋ ሰዓሊ ይህን ደንብ ከመቅደሱ ግድግዳ አንሥቶ ወደ ጦር ሜዳ አወረደው። ኢትዮጵያውያኑ እየተኮሱም እንኳ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ ይመልሳሉ፤ ጣሊያኖቹ በጎን ይታያሉ። ወደ ጠላቱ እየተኮሰ ወደ እኛ የሚያይ ተዋጊ በእውነተኛው ዓለም የለም። ሰዓሊው ይህን አያጣውም። የሚነግረን ግን ሰውየው ወዴት እንደሚያይ ሳይሆን ከማን ወገን እንደሆነ ነው። ደንቡ እየቆየ ላልቷል፤ በኋለኞቹ ሥዕሎች በጎን የተሣለ የኛ ሰውም፣ ፊት ለፊት የሚያይ ጣሊያናዊም ያጋጥማል። ቢሆንም አንድ የአድዋ ሥዕል ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ ዓይን መቁጠር አይከፋም።

ሁለተኛው መጠን ነው። በአድዋ ሥዕል ትልቅ ሆኖ የተሣለው ሰው ለእኛ የቀረበው አይደለም፤ ማዕረጉ ከፍ ያለው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከጦር ሜዳው ጀርባ ሆነውም ከፊት ካለው ወታደር ይገዝፋሉ። ሦስተኛው ጊዜ ነው። በአንዱ ጥግ ምኒልክ ትእዛዝ እየሰጡ ነው፤ በሌላው ጥግ ጦርነቱ ተጋግሏል፤ በታች ደግሞ ጣሊያን እየሸሸ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሆነ አይደለም። ከማለዳ ጀምሮ የዋለው ውጊያ በአንድ ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል።

አራተኛው ጽሑፉ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ከየራሱ በላይ፣ አንዳንዴም በልብሱ ዳር፣ ስሙ በአማርኛ ተጽፏል። ስሙ ከሌለ የትኛው ራስ የትኛው እንደሆነ ማንም አይለይም። የፊት መመሳሰሉ ጉዳት የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ መለየቱ የጽሑፉ ሥራ ነው። የአድዋ ሥዕል በዋናነት የስም መዝገብ ነው ብል አላጋነንኩም፤ ማን ዘመተ፣ ማን ከማን አጠገብ ቆመ፣ ማን ወደቀ የሚለውን ይመዘግባል። ስለዚህም አንድ ሥዕል ለማን እንደሚያደላ ማወቅ ለሚፈልግ መንገዱ ቀላል ነው። የትኛው መኰንን ወደ ፊት እንደወጣ፣ የትኛው ወደ ዳር እንደተገፋ፣ የማን ስም ጭራሽ እንደቀረ ይመልከት። በመዝገብ ላይ የሚፈጸም አድልዎ ሁሉ እዚህም ይፈጸማል።

እዚህ ላይ ወደ አባ መላ ልመለስ፤ ሰገሌ ለዚህ ሥርዓት ከባድ ፈተና ነበርና። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም የተጋጠሙት የሸዋ ጦርና የንጉሥ ሚካኤል የወሎ ጦር ናቸው። በሸዋ በኩል የጦሩ ዋና መሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ነበሩ። ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ የልጅ ኢያሱ አባት፣ ከሃያ ዓመት በፊት ራስ ሚካኤል ተብለው አድዋ ላይ ከምኒልክ ጋር የተሰለፉ፣ በአድዋ ሥዕል በግራ በኩል በሁለት ዓይን የተሣሉ ሰው ናቸው። አሁን ጠላት ሆነው በየትኛው ዓይን ይሣሉ? ጣሊያንን በቆብና በጢም መለየት ይቻላል፤ የወሎን ፈረሰኛ ከሸዋው የሚለየው ልብስ ግን የለም። ስለዚህ በሰገሌ ሥዕል ክብደቱ ሁሉ በአሰላለፉና በጽሑፉ ላይ ይወድቃል። ቅዱስ ጊዮርጊስም የአድዋውን ዓይነት ቀላል ሥራ የለውም። ከአድዋ ይልቅ ሰገሌን በጥንቃቄ ማየት የሚያስተምረኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ?

የሥርዓቱ እናት ቤተ ክርስቲያን ናት። ሰዓሊው ብዙ ጊዜ ደብተራ ወይም ቄስ ነበር። ሥዕል የተማረው በትምህርት ቤት ሳይሆን ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ቀለም እየበጠበጠ፣ ቀድሞ የተሣለውን እየገለበጠ ነው። በግድግዳው ላይ በቀጥታ ከመሣል ይልቅ በጨርቅ ሥሎ ጨርቁን በግድግዳው መለጠፍ የተለመደ ነበር። ጨርቁ ሙጫና ጄሶ ይቀባል፤ ከዚያ በከሰል ይነደፋል፤ ቀለሙ በየቦታው ይሞላል፤ በመጨረሻ ዳርና ዳሩ በጥቁር መስመር ይወጣል። ጥላ በዚህ አሠራር ቦታ የለውም፤ ብርሃን ከአንድ ወገን አይመጣም። ሰዓሊው ስሙን አይጽፍም ነበር። አሣሉት ተብሎ ከሥዕሉ ግርጌ፣ በትንሹ ተንበርክኮ የሚታየው ወጪውን የከፈለው ሰው ነው።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ በተለይም ከአድዋ በኋላ የየሀገሩ መልእክተኞች ሌጋሲዮን ሲከፍቱ፣ አራዳ ገበያው ሲደራ፣ ሆቴልና ሱቅ ሲከፈት፣ ይህ እጅ አዲስ ገዢ አገኘ። የውጭ ሰው የሚፈልገው ወደ አገሩ ጠቅልሎ የሚወስደውን ሥዕል ነው። ጨርቁም ከግድግዳ ይልቅ ለሻንጣ ተሠራ። ከቤተ ክርስቲያን ሥራ ወጥተው ለገበያ መሣል ከጀመሩት ሰዓሊዎች መካከል ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው በላቸው ይመር ናቸው። የሥዕሉ ርዕስም በዚያው ሰፋ፦ ግብር፣ አደን፣ ጉግስ፣ የገና ጨዋታ፣ አድዋ፣ ሰገሌ። ከሁሉ በላይ የታወቀው ደግሞ የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ ነው፤ ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ሣጥኖች ተከፋፍሎ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል።

ገበያው ሥዕሉን አበላሸው የሚሉ አሉ። አዎ፣ አንዱን ንድፍ መቶ ጊዜ የገለበጠ እጅ ይሰለቻል፤ ይህም በሥዕሉ ላይ ይታያል። ነገር ግን ሰዓሊው ስሙን በሥዕሉ ላይ መጻፍ የጀመረው በዚሁ በገበያው ምክንያት ነው። የጎጃሙን ቄስ አዳሙ ተስፋውን ማስታወስ እዚህ ላይ ይገባል። ቢቸና አካባቢ ተወልደው፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው፣ ቅስና ተቀብለው፣ ኋላ አዲስ አበባ ገብተው በሥዕል የኖሩ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሎስ አንጀለስ የሚገኘው የፋውለር ሙዚየም ሕይወታቸውንና ሥራቸውን ብቻ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶላቸዋል። ስሙን የማይጽፍ ሰዓሊ እንዲህ ያለ ኤግዚቢሽን አይደርሰውም።

ቬርኔ፦ ጦርነትን በሜትር የሣለው ሰው

አሁን ወደ ፈረንሳይ እንሻገር። ኦራስ ቬርኔ እ.ኤ.አ. በ1789 ፓሪስ፣ ሉቭር ውስጥ ተወለደ። ሉቭር ያን ጊዜ ሰዓሊዎች ይኖሩበት የነበረ ቤተ መንግሥት ነው። አያቱ ዮሴፍ ቬርኔ የባሕርና የወደብ ሰዓሊ፣ አባቱ ካርል ቬርኔ የፈረስና የአደን ሰዓሊ ነበሩ። እንግዲህ ልጁ እንደኛ ሀገር ደብተራ ልጅ ሙያውን ከቤቱ ነው የወረሰው። ፈጣን እጅ ነበረው፤ የማስታወስ ችሎታውም ያስደንቅ ነበር ይባላል።

በ1814 የናፖሊዮን ጠላቶች ፓሪስን ሲከቡ ቬርኔ ራሱ መሣሪያ ይዞ በክሊሺ በር ተዋግቷል። ከስድስት ዓመት በኋላ ያንን ውጊያ ሣለው። ሸራው ስፋቱ 1 ሜትር ከ30 ቢሆን ነው፤ የቆሰሉ ወታደሮች፣ በመሬት ላይ የተቀመጠች ሕፃን ያቀፈች ሴት፣ ትእዛዝ የሚቀበል መኰንን። ብዙም የድል ሽታ የለውም። በ1822 መንግሥት በሚያዘጋጀው በሳሎን ኤግዚቢሽን ላይ እንዳይታይ ተከለከለ፤ የተሸነፈውን የናፖሊዮንን ሠራዊት ምልክት ያሳይ ነበርና። ቬርኔም የሥራ ክፍሉን ለሕዝብ ከፍቶ በዚያው አሳየ። ፓሪስ ተግተልትላ መጣች።

ኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ሥልጣን ሲይዝ የቬርሳይን ቤተ መንግሥት የፈረንሳይ ታሪክ ሙዚየም አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1837 ከፈተው። የጦርነት ሥዕል በብዛት ይታዘዝ ጀመር፤ ቬርኔም ዋናው ታዛዥ ሆነ። ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ የአልጄሪያውን አሚር አብዱልቃድርን ተንቀሳቃሽ ሠፈር መያዝ የሚያሳየው ነው። ሠፈሩ የተያዘው ግንቦት 1843 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ጦሩን የመራው የንጉሡ ልጅ፣ የ21 ዓመቱ የኦማል መስፍን ነበር። ሥዕሉ በ1845 ለሕዝብ ቀረበ። ቁመቱ 4 ሜትር ከ89፣ ርዝመቱ 21 ሜትር ከ39 ነው። ቆሞ የሚታይ ሥዕል አይደለም፤ አጠገቡ እየተራመዱ የሚያዩት ነው። ድንኳኖች ይፈርሳሉ፣ ከብትና ግመል ይደነብራል፣ ሴቶች ይሸሻሉ፣ የፈረንሳይ ፈረሰኛ ከግራ ከቀኝ ይገባል።

ልብ በሉ፦ ቬርኔ ራሱ የተዋጋበትን ውጊያ በአንድ ሜትር ሸራ ሣለው፤ ያልነበረበትን ደግሞ በ21 ሜትር። ሠፈሩ ሲያዝ እርሱ በቦታው አልነበረም። አልጄሪያን ግን በእግሩ ያውቃታል፤ በ1833 ሄዷል፣ ከዚያም ተመላልሷል። በ1839 ደግሞ ወደ ግብፅ ወርዶ፣ ያን ጊዜ ገና የተፈለሰፈውን የፎቶግራፍ መሣሪያ ከያዘ ጓደኛው ጋር እስክንድርያን አንሥቷል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ያለው አቧራ፣ ልብስ፣ ኮርቻ፣ ብርሃን ሁሉ የታየ ነገር ነው። በዚህ ዝርዝር ኃይል ተመልካቹ «ይህ እዚያ ሆኖ የሣለው ነው» ብሎ ያምናል። እዚያ ግን አልነበረም።

በዘመኑ ሁሉም አልወደደውም። ገጣሚው ሻርል ቦድሌር በ1846 ስለ ቬርኔ የጻፈው ጥላቻው የገነፈለ ነው፤ በአጭሩ ሰዓሊ ሳይሆን ብሩሽ የያዘ ወታደር አድርጎ ነው ያየው። ቦድሌር ትንሽ አበዛው ብዬ አስባለሁ፤ የክሊሺው በር ሥዕል ይህ ስድብ አይገባውም። የ21 ሜትሩን ግን ልከላከልለት አልሞክርም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ

የቬርኔ ሥዕል ለተመልካቹ እንዲህ የሚል ቃል ይገባል፦ «እዚህ ቦታ ብትቆም ኖሮ ይህን ታይ ነበር»። ጥላው፣ ርቀቱ፣ አቧራው ሁሉ ለዚህ ቃል ምስክር ናቸው። የአድዋ ሥዕል ይህን ቃል አይገባም። የሚለው፦ «እነዚህ ነበሩ፣ እንዲህ ቆሙ፣ እነዚህ ወደቁ፣ ይህ ሰማዕት ረዳቸው» ነው። ቃሉን ያላፈረሰውን ካየን፣ የአቡጀዲው ሰዓሊ ቅን ነው፤ አይቻለሁ አላለምና።

የስም ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። በቬርኔ ሸራ ላይ የፈረንሳይ መኰንኖች እያንዳንዳቸው በራሳቸው መልክ ተሥለዋል፤ የሚያውቃቸው ሰው ይለያቸዋል። አልጄሪያውያኑ ግን ሕዝብ ብቻ ናቸው፤ ሽሽት፣ ድንጋጤና ልብስ ናቸው፤ ስም የላቸውም። በአድዋ ሥዕል ላይ ነገሩ ተገልብጧል። ስማቸው የተጻፈላቸው ራሶች፣ ደጃዝማቾች፣ ፊታውራሪዎች ናቸው፤ በቀኝ በኩል ያሉት ጣሊያኖች በአብዛኛው ቆብና ጢም ናቸው። ሁለቱም ሥዕሎች የአሸናፊ ሥዕል ናቸው። ሁለቱም የራሳቸውን ሰው በስም፣ የሌላውን በጅምላ ሣሉ። ልዩነቱ አሸናፊው አንድ ጊዜ አፍሪካን የወረረው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወራሪውን የመለሰው አፍሪካዊ መሆኑ ነው፤ ይህ ደግሞ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

አድዋን የሣለ ፈረንሳዊም አለ። ፖል ቡፌ (1864–1941 እ.ኤ.አ.) ዳግማዊ ምኒልክን በአድዋ ጦር ሜዳ የሚያሳይ ሥዕል ሠርቷል። «ለ ፔቲ ዡርናል» የሚባለው የፓሪስ ጋዜጣ በ1898 ሥዕሉን በቀለም አትሞ አወጣው። ጋዜጣው በዚያ ዘመን በቀን አንድ ሚሊዮን ያህል ቅጂ የሚሸጥ ስለነበር፣ ብዙ ፈረንሳዊ አድዋን ያየው በቡፌ ዓይን ነው። ቡፌ ከቬርኔ ወገን ነው፤ በአንድ ቦታ ቆሞ ያየ ሰው የሣለው እንዲመስል አድርጎ ነው የሠራው። በዚህ ሥዕል ላይ ሰማዕቱን በሰማይ የሚፈልግ አያገኘውም። አራዳ ላይ ይሣል የነበረው አድዋና ፓሪስ ላይ ይሸጥ የነበረው አድዋ በአንድ ዘመን የተወለዱ ናቸው፤ አይተዋወቁም እንጂ።

ሁለቱን መንገዶች በአንድ ሰው ውስጥ ያገናኙ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። ቀዳሚው ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። ዘጌ የተወለዱ፣ በእቴጌ ጣይቱ በኩል የቤተ መንግሥት ወገን የሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ላይ ወደ ጣሊያን ተልከው ቱሪን በሚገኘው የአልቤርቲና አካዳሚ ሥዕል የተማሩ። ተመልሰው በእንጦጦ ራጉኤል ሥለዋል። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲነታቸው ነው። የአድዋ ዘመቻ ሲታወጅ ግን እርሳቸው አውሮፓ ነበሩ፣ ወደ ጣሊያኖችም አደሉ። የአውሮፓን አሣሣል ቀድመው የተማሩት ሰው አድዋን የሚሥሉበት ቦታ ላይ አልነበሩም ማለት ነው። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያፌዛል።

ሁለተኛው አገኘሁ እንግዳ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1926 እስከ 1933 ፓሪስ በሚገኘው የኤኮል ዴ ቦዛር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። ቬርኔ ከዘጠና ዓመት በፊት ያስተማረበት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የሚሰጠው ትምህርት የሰውን አካል ከሕያው ሰው ፊት ተቀምጦ መሣል፣ ብርሃንን ከአንድ ወገን ማምጣት፣ ርቀትን መለካት ነው። አገኘሁ ተመልሰው በፓርላማው ሕንፃ ሥለዋል። ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ደግሞ ራሳቸውን የሣሉበት ሥራ አለ። ይህን ሥዕል ከአቡጀዲው የአድዋ ሥዕል ቀጥሎ ማየት ጥሩ ትምህርት ነው። በአድዋው ሥዕል ላይ ፊቱ ማንም ነው፣ ስሙ ነው ሰውየው። በአገኘሁ ሥዕል ላይ ፊቱ ራሱ ሰውየው ነው፤ ስም ባይጻፍበትም ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም። ሰዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ይህ ሁለተኛው መንገድ ሥርዓተ ትምህርት ሆነ፤ ዛሬ ትምህርት ቤቱ በስማቸው ይጠራል። የመጀመሪያው መንገድ ግን አልሞተም። በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ሥዕልና ንዋያተ ቅድሳት የሚሸጡትን ሱቆች ያየ ይህን ያውቃል።

የት ይታያል?

የአድዋን ሥዕል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአራዳ ጊዮርጊስ ግቢ የካቴድራሉ ሙዚየም አለ፤ በካቴድራሉ ውስጥ ደግሞ የኋለኛውን ዘመን ሰዓሊ የአፈወርቅ ተክሌን ሥራዎች ማየት ይቻላል። የስድስት ኪሎው ተቋም ሙዚየም ለዚህ ጉዳይ ከሁሉም የተሻለ ነው ባይ ነኝ፤ አሮጌውን የጨርቅ ሥዕልና የዘመናዊውን ሰዓሊ ሥራ በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል። የካቲት 2016 ዓ.ም ፒያሳ ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም አለ። ለንደን የደረሰ ደግሞ በብሪቲሽ ሙዚየም ከተያዙት የአድዋ ሥዕሎች ጋር ሊገናኝ ይችላል፤ አራዳ ላይ በአንድ እንግዳ ሰው ተገዝተው ተጠቅልለው የወጡ ዓይነቶች ናቸው።

ልግዛ ለሚል ሰው አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ዕድሜውን ከቀለሙ መጥቆርና ከጨርቁ መቀደድ አትገምቱ፤ ጨርቅን ማስረጀት ቀላል ነው። ይልቅ ጽሑፉን አንብቡ። የድሮ ሰዓሊ ፊደሉን እንደ ሥዕሉ በእርጋታ ያሰፍራል፤ ገልባጭ የሆነው ግን የማያነበውን ስም ስለሚገለብጥ ፊደሉ ይዛባል፣ አንዳንዴም የአንዱ ራስ ስም በሌላው ላይ ይወድቃል። ከዚያ ባልቻ ከመድፉ ጋር ይሁኑ አይሁኑ፣ ገበየሁ የት እንደወደቁ፣ እቴጌዋ ምን እንደያዙ ተመልከቱ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ጦሩን ወደየትኛው ወገን እንደሰበቀ ደግሞ ማንም ገልባጭ አይሳሳትም።